የዘሃራ ጆሮ

ባለፈው ሳምንት የተሳፈርኩባት ሚኒባስ ዳገቱን ስትይዝ ከወደ ኋላዋ ቀጭን ዋይታ ተሰማኝና፣ ሳላስበው በሐሳቤ ያደግሁባት መካነ ሰላም፣ ግቢያችን ገባሁ። ከጎኔ የተቀመጡት ሰዎች ጫወታቸውን አላቋረጡም። ያ ድምፅ የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው የዲፈረንሻል ጥርስ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያወቅሁት ግን በትምህርት ሳይሆን በቅናት ነው።

አባቴ አሮጌ ፒካፕ ነበረቻቸው፤ ቤታችን የሚያድረው እሷ ወደ ከላላ ገበያ እህልና ሰው ስታመላልስ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሞተር ጋር ሲጯጯሁ ኖረው ጆሯቸው ደክሞ ስለነበር፣ መኪናዋ ስትታመም የሚሰማላቸው ሰው ይፈልጉ ነበር፤ የመረጡትም እኔን ታላቋን ሳይሆን የስምንት ዓመቷን እህቴን ዘሃራን ነበር። እሳቸው እየነዱ፣ እሷ ከኋላ ጆሮዋን ከወለሉ ለጥፋ ተኝታ ሽቅብ ቁልቁል ሲሉ ይውሉና፣ ሲመለሱ በር የምከፍተው እኔ ነበርኩ። «ምቀኛ አታሳጣኝ» ይባል የለ፤ ዘሃራ ምቀኛ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም፣ አንድ አልጋ ላይ ነበር የምንተኛው።

አንድ ዓመት ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ሲደርቅ የኋላዋ ማላዘን ጀመረ። «አባዬ፣ ነዳጅ ሲሰጧት ታለቅሳለች፣ እግርዎን ሲያነሱላት ዝም ትላለች» አለች ዘሃራ። አባቴ ግንባሯን ሳሟት። እኔን የሳሙኝን ቀን ለማስታወስ ብሞክር አልመጣልኝ አለ።

መኪናዋን በክሪክ አንስተው፣ በግንድ ደግፈው ዘይቱን ሲያፈሱት የብረት ብናኝ አብሮ ወረደ። ያለቀውን ኩሽኔታ ቀየሩና፣ ትንሹና ትልቁ ጥርስ በደንብ መግጠማቸውን ለማየት የእናቴን ኩል ከግራሶ ጋር ለውሰው ጥርሶቹን በዶሮ ላባ አስኳሏቸው። ላባውን የያዘችው ማን እንደነበረች መናገር አያስፈልግም። እናቴ ባዶ ብልቃጧን እያየች «እንግዲህ ይችን መኪና ልትድሯት ነው» አለች። ጥርሱን ሲያዞሩት ኩሉ የተፋቀው መሐሉ ላይ መሆን ሲገባው ጫፉ ላይ ሆነ፤ ከውስጥ ስስ ቆርቆሮ እየጨመሩና እየቀነሱ፣ እየፈቱና እየገጠሙ ሰንብተው፣ በአራተኛው ቀን ምልክቱ መሐል ላይ አረፈ።

ለሙከራ ሊወጡ ሲሉ «ዛሬ እኔ ልስማ» ብዬ አለቀስኩ።

«አብሽሪ፣ ዛሬ አንቺ ትሰሚያለሽ» አሉኝ።

ዳገቱን ስንወጣ ጆሮዬን ከወለሉ ለጠፍኩ። ጎማው ጠጠር ከሚፈጭበት ድምፅ በቀር ምንም አልነበረም። ዝምታው ግን የዘሃራ ነበር፤ እሷ ሰምታ፣ እሷ ኩላ የመጣ። እኔ ደግሞ የራሴ የሆነ ነገር ይዤ መውረድ ፈለግሁ።

«ታለቅሳለች» አልኩ።

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ።»

በማግስቱ የከላላ ገበያ ነበር። ጭነታቸውን ይዘው በራችን ላይ የቆሙት ነጋዴዎች በቅሎ ፍለጋ ሲበተኑ፣ አባቴ እንደገና መኪናዋ ሥር ገብተው ፈቷት። ላባውንና ከተለወሰው የተረፈውን ኩል ለእኔ ሰጡኝ። እኔ ኳልኩ፣ እሳቸው አዞሩ፤ ምልክቱ ትናንት በነበረበት፣ መሐል ላይ አረፈ። አዩትና ወደኔ ዞሩ።

«የደከመው ጆሮዬ ነው እንጂ ዓይኔ ደኅና ነው» አሉ።

አልመቱኝም፤ ለእናቴም አልተናገሩም። ከዚያ ወዲያ ግን ስሚልኝ ብለውኝ አያውቁም።

ፒካፗ ከተሸጠች ቆየች፤ የአባቴም ጆሮ ሊዘጋ ምንም አልቀረውም። ለአረፋ ስንሰባሰብ እኔ በቀኛቸው፣ ዘሃራ በግራቸው እንቀመጣለን። የሚያስቅ ነገር ሳገኝ ጠጋ ብዬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ እነግራቸዋለሁ። ከንፈሬን በጥሞና ያዩና ወደ ዘሃራ ዞረው «ምን አለች?» ይላሉ። እሷም ያልኩትን ቃል በቃል ትደግምላቸዋለች፤ አንድም ቀን ጨምራበት ወይ ቀንሳበት አታውቅም። የሚስቁት ያን ጊዜ ነው።