እርስዎ መጣች

ባለፈው ሳምንት የተበላሸ ቬንትሌተሬን ይዤ ወደ አንድ ጠጋኝ ሱቅ ገባሁ። ጠጋኙ ከኋላው ሆዱ የተነፋ አሮጌ ቴሌቪዥን ሰክቶ እስኪሞቅ እየጠበቀ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ሽታው መጣ፤ የጋለ አቧራ፣ የጋለ እንጨት። አንተ ይሄን ሽታ ታውቀዋለህ? “አንተ” ስልህ ደግሞ ቅር አይበልህ፤ የድሬ ልጅ ነኝ፣ እኛ ዘንድ ንጉሥም ቢመጣ አንተ ነው። በዚህችው ቃል የተነሳ ልጅ ሳለሁ ከአንዲት ትልቅ ሴት ጋር ጦርነት ገጥሜ ነበር። ያሸነፍኩትም እኔ ነኝ።

በሰፈራችን ቴሌቪዥን ያለው ቤት አንድ ብቻ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ተዛውሮ የመጣ የአንድ ሹም ቤት። ሹሙን ብዙም አናየውም፤ ቤቱ የሚስቱ ነበር። ቴሌቪዥኑን ዳንቴል አልብሳ፣ ባለመዝጊያ ቡፌ ውስጥ ቆልፋ፣ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትውላለች። “ይውላሉ” ማለት ነበረብኝ ይሆናል፤ ግን አልልም፤ ያኔ ያልሰጠኋትን ዛሬ ከየት አመጣዋለሁ? እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ከተማው በሙቀት ዝም ሲል፣ ፍየሎች ሳይቀሩ የግንብ ጥላ ታክከው ሲተኙ፣ ቡፌው ይከፈትና የሰፈሩ ልጆች ሲሚንቶው ላይ ተደርድረን ድራማችንን እናያለን።

የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ነበር፤ በስድሳዎቹ፣ እዚሁ በእኛ ከተማ። አባትየው ባቡር ነጂ ነው። ልጅቷ አፍሮዋን ያጎፈረች፣ የሱሪዋ ጫፍ መሬት የሚጠርግ። ታዲያ በዚያ ድራማ ውስጥ ማንም አይጮህም ነበር። አባትየው ሲቆጣ ኮፍያውን ከጠረጴዛ አንስቶ ራሱ ላይ ይደፋል፤ ኮፍያው ሲነሳ እኛ ትንፋሻችንን እንውጣለን። እናትየው ደግሞ ከሩቅ ባቡር ሲያፏጭ ሰምታ፣ ባሏ የሚነዳው ይሁን የሌላ ሰው ከፉጨቱ ትለያለች። የባሏ ከሆነ ምንም ሳትናገር ድስቷን ትጥዳለች። ያቺን ድስት የጻፈው ሰው የት እንዳለ ባውቅ ሄጄ እጁን እስመው ነበር።

አንድ ጉድለት ብቻ ነበረበት። ልጅቷ አባቷን “እርስዎ” ትለዋለች። መጀመሪያ የሰማን ዕለት ሳቅ ቤቱን አፈረሰው። “አቦ፣ ይቺ ናት የድሬ ልጅ? ወላሂ ውሸት!” አለ አንዱ። የሹሙ ሚስት ግን ፊቷን አኮሳትራ ወደ እኛ ዞረች። “ጨዋ ቤተሰብ እንዲህ ነው፤ ተማሩ” አለችን።

እኔ አልተማርኩም። አባትየው ኮፍያውን አንስቶ ልጅቷን ከቤት ሊያባርር ሲል፣ የሹሙ ሚስት ዳንቴሉን ልታስተካክል ተነስታ ፊት ለፊቴ ተገተረች። የሚታየኝ ጀርባዋ ብቻ ሆነ። “አንቺ፣ ጠጋ በዪልን እንጂ!” አልኳት። የሰፈሬን ሴቶች ሁሉ፣ እናቴንም ጨምሮ የምጠራው በዚሁ ነበርና ክፋት የለበትም። “ማንን ነው አንቺ ያልሽው? እኩያሽ ነኝ?” አለችና ጆሮዬን ጠምዝዛ በልጆቹ መሀል እየጎተተች አስወጣችኝ።

ለእኔ ብቻ ቢሆን እተወው ነበር። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ አማርኛዋ ከኦሮምኛዋ ጋር ተደባልቆ የሚወጣ፣ ሰው ማስቀየም የማታውቅ ሴት። የሆነውን ስነግራት ስፌቷን ጥላ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ ይቅርታ ልትጠይቅልኝ እጄን ይዛ መለሰችኝ። በሩ ሲከፈት እጇን ደረቷ ላይ አደረገችና “አቦ አንቺ፣ ይቅር በያት፤ ልጅ ናት እኮ፣ በአላህ” አለች።

አየኸው? ይቅርታውም በ“አንቺ” ጀመረ። ሌላ አታውቅማ! የሹሙ ሚስት እናቴን ከእግር እስከ ራሷ ገረመመቻት። “እናቲቱም ያው ናት!” አለችና በሩን ፊቷ ላይ ዘጋችው። እናቴ እጇ ደረቷ ላይ እንዳለ ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ “ነዪ እንሂድ” አለችኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እሷ እንኳ የረሳች መሰለች፤ እኔ ግን ያቺን ደረት ላይ የቀረች እጅ አይቼ በልቤ ማልኩ።

ከዚያ በኋላ ድራማውን በጆሮዬ ነው ያየሁት። በቤቱ ጀርባ ከመስኮቱ ሥር፣ ግንቡ ጀርባዬን እየጠበሰኝ እቀመጣለሁ። ኮፍያው ሲነሳ ከዝምታው አውቀዋለሁ። በመጨረሻ በሰማሁት ክፍል ልጅቷ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ጅቡቲ በሚሄደው ባቡር ተሳፈረች። ባቡሩ አፏጨ። ቤት የቀረችው እናት ፉጨቱን ሰማችና በቀስታ “ይሄ የሱ ነው” አለች። ያባረራትን ልጁን ሳያውቅ ራሱ እየነዳ ወሰዳት ማለት ነው። መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ተንሰቀሰቅሁ።

በሳምንቱ ድራማው የለም። አንዲት አስተዋዋቂ በለሰለሰ ድምፅ “ውድ ተመልካቾቻችን፣ ድራማው በተለያዩ ምክንያቶች የማይቀጥል መሆኑን በትህትና እንገልጻለን” አለችና ስለ አፈር ጥበቃ ተጀመረ። በተለያዩ ምክንያቶች! አንዱን እንኳ አልነገሩንም። ልጅቷ ትመለስ አትመለስ ሳይነግረን ያቋረጠውን ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

የሹሙ ሚስት “አዲስ አበባ ዘመድ አለኝ፤ መጨረሻውን አስጠይቃለሁ” ብላ አወጀች። ቀደምኳት። በባቡር የሚመላለሰው አጎቴ ታሪኩን ከጸሐፊው አፍ ሰምቷል ብዬ ዋሸሁ። በሚቀጥለው እሁድ፣ በዚያችው ሰዓት፣ ከእናቴ የስፌት መኪና አጠገብ፣ ደጃችን ካለው ኒም ዛፍ ሥር ተቀምጬ ቀጣዩን ክፍል አወራሁ። መጀመሪያ አራት ልጆች መጡ፤ በሦስተኛው እሁድ ሰፈሩ ተጠራርጎ መጣ። ያኔ አንድ አዲስ ሰው ታሪኩ ውስጥ አስገባሁ፤ ከሩቅ የመጣች፣ ያየችውን ሁሉ “እርስዎ በሉኝ” የምትል ሴት። ፍየሏን ሳይቀር “እርስዎ ካላልሽኝ ሣር የለም” ትላታለች። ፍየሏ በረሃብ ሞተች እንጂ አላለቻትም።

ልጆቹ ሴትየዋ ማን እንደሆነች ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም። የሹሙ ሚስት ጥላዋን ዘርግታ ብቅ ስትል “እርስዎ መጣች!” ይባል ጀመር። ስታልፍ ደግሞ “እርስዎ ሄደች!” የጠየቀችውን ነው የሰጠናት። “እርስዎ” አልናት፤ ግሱን ግን ለራሳችን አስቀረነው።

እሁድ እሁድ በሯን ወለል አድርጋ ከፍታ፣ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨምራ ብቻዋን ትቀመጣለች። ማንም አልሄደም። አልዋሽህም፣ እንደ ስኳር ነበር የጣፈጠኝ።

አንድ እሁድ እርስዎ ራሷ መጣች። ክንዷ ላይ ቁራጭ ጨርቅ ይዛለች። እናቴ “ነዪ፣ አንቺ፣ ቁጭ በዪ” ብላ በርጩማ አቀረበችላት። በዚህ ጊዜ አልተቆጣችም። ቀሚስ ልታሰፋ ነው የመጣችው፤ ልኬቷን እያስለካች ከእናቴ ጋር ሲንሾካሾኩ ቆዩ። ጆሮዋ ግን እኔ ጋ ነበር። በማወራው ታሪክ ባቡሩ ከጅቡቲ ሊመለስ ሲነሳ ድንገት፣ በማላውቀው ቀጭን ድምፅ፣ “ልጅቷ ትመለሳለች?” አለችኝ።

ስንት እሁድ የጠበቅሁት ሰዓት! ተነሳሁና እጄን እንደ አስተዋዋቂዋ አጣምሬ “ውድ ተመልካቻችን፣ ድራማው በተለያዩ ምክንያቶች የማይቀጥል መሆኑን ለእርስዎ በትህትና እንገልጻለን” አልኩ። ልጆቹ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለሉ። እሷ ጨርቋን እንደተወች ተነስታ ሄደች።

እናቴ አልሳቀችም። ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ልጆቹ እስኪበተኑ ጠበቀች። “ሴት ልጅ አላት” አለችኝ። “ከአባቷ ተጣልታ ባሕር ማዶ ከሄደች ሁለት ዓመቷ። ደብዳቤ እንኳ የላትም። ቅድም ወገቧን ስለካ ነው የነገረችኝ።”

“በሩን ፊትሽ ላይ ዘግታብሽ የለ? ላንቺ ብዬ ነው” አልኳት።

“ላክሁሽ እኔ? አቦ፣ በኔ ስም ሰው አታስለቅሺ” አለችና ጨርቁን አንስታ መቁረጥ ጀመረች።

ይቅርታ ጠየቅሽ ወይ ትለኛለህ። አልጠየቅሁም። ያ በር ትዝ ሲለኝ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ቀሚሱ ሲያልቅ እናቴ ውሰጂላት ብትለኝ እንቢ አልኩ፤ ራሷ ወሰደችላት። ግን በሚቀጥለው እሁድ ልጆቹ ኒሙ ሥር ሲሰበሰቡ አፌ አልከፈት አለኝ። ባቡሩ መንገድ ላይ ቀረ።

“አንቺ፣ ቬንትሌተርሽን ነገ ነይና ውሰጂ” አለኝ ባለፈው ሳምንት ያ ጠጋኝ፣ የልጄ እኩያ። እንዴት ደስ አለኝ መሰለህ።

ያኔ፣ ታሪኩን ካቆምኩ ብዙም ሳይቆይ ሹሙ ተዛወረ። ዕቃቸው በተጫነ ዕለት ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ያያል። ቴሌቪዥኑ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ከላይ ታስሯል። እሷ ጋቢና ውስጥ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣለች፤ የለበሰችው እናቴ የሰፋችላትን ቀሚስ ነበር። መኪናው ሲነሳ ልጆቹ “እርስዎ ሄደች! እርስዎ ሄደች!” እያሉ ተከተሉት። እኔም ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ሮጥኩ። መታጠፊያው ጋ አቧራው ዋጠኝ፤ ያኔ ባለኝ ድምፅ ሁሉ “አንቺ!” ብዬ ጮህኩ። “አንቺ፣ ትመለሳለች! ልጅቷ ትመለሳለች!”

እጇ በመስኮቱ ወጣ። ትንሽ ተወዛወዘና ተመልሶ ገባ። እኔን ትሰናበተኝ ይሁን ዝንብ ታባርር፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።