ጠበል የጠጣው ማሽን

ባለፈው ሳምንት ከጉርድ ሾላ ወደ ካራ ስሄድ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆምን። ፊት ለፊታችን ፎርክሊፍት ትልቅ የእንጨት ሣጥን ከጭነት መኪና ያወርዳል። የሣጥኑን ጽሑፍ ሳነብ የድሮ ሥራዬ ትዝ አለኝ። ፕላስቲክ አቅልጦ ቅርጽ ማውጫው ሞልድ ውስጥ የሚገፋው ኢንጄክሽን ማሽን ነበር።

የአባቴ እህት እትዬ ዘውዴ ካራ አጠገብ የጠርሙስ ክዳን የምታመርትበት ትንሽ ወርክሾፕ ነበራት። እኔ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ ጥገናውን ያዝኩላት። አሮጌው ማሽን ዘይት ሲጠጣ ጠጅ ያገኘ ሚዜ ነበር የሚመስለው፤ የጠጣውንም መልሶ ወለሉ ላይ ይተፋዋል። በዘይት ግፊት ሳይሆን በኤሌክትሪክ ሞተር ብቻ የሚሠራ እንግዛ ብዬ ጨቀጨቅኳት። በመጨረሻ ከእናቷ የወረሰችውን መሬት ሸጣ ገዛች። መሬቱን መሸጧ ግን እንቅልፍ ይነሳት ነበር።

ማሽኑ በመስከረም ደረሰ፤ መንገድ ዳሩ ሁሉ የበቆሎ ጥብስ ይሸታል። ገጣጥሜ ጨርሼ እጄን ልታጠብ ወጣሁ። ስመለስ እትዬ ከእንጦጦ ያስመጣችውን ጠበል በጆግ ይዛ ማሽኑን ከላይ እስከ ታች አጥምቃ ጨርሳለች። አሮጌውንም እንዲሁ አጥምቃው ምንም አልሆነም ነበር። የዚህኛው ሆድ ግን ሽቦና የኤሌክትሮኒክ ካርድ ነው።

"አብሩት!" አለች ሠራተኞቹን፣ አፌን ሳልከፍት።

ጧ አለና ጸጥ አለ።

እትዬ ዱካ ላይ ቁጭ አለች። "እግዜር አልወደደውም። የእናቴን መሬት ሸጬ፣ ይኸው መለሰልኝ። በቃ፣ ይሸጥ።"

የማሽኑን ጎን ከፈትኩት። ካርዶቹ ላይ ውሃው ኩልል ይላል። ምን ልበላት? ጠበሉ ነው ብል ከእምነቷ ላጣላት ነው። ዝም ብል ማሽኑን ትሸጠዋለች፤ የስንቱ ሰው እንጀራም አብሮ ይሄዳል።

"እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሽቦ በደንብ ሳላጠብቅ ቀርቼ ነው።"

ቀና ብላ አየችኝ። "አንተ ዝርክርክ! ይህን ሁሉ ዓመት የተማርከው ሽቦ ላለማጥበቅ ነው?"

በሰው ፊት የወረደብኝ ስድብ! ፊቷ ግን በርቶ ነበር፤ እኔም በውስጤ ደስ አለኝ። ካርዶቹን ፈትቼ ፀሐይ ላይ አደረቅኋቸው፣ የተቃጠለውን ፊውዝ ቀየርኩ፤ ማሽኑም ተነሣ።

እትዬ አሁን በሕይወት የለችም። የድሮ የሥራ ጓደኞቼ ሲያገኙኝ ዛሬም "ሽቦውን አጠበቅከው?" ይሉኛል፤ እስቃለሁ። ከዚያ ብልሽት በኋላ፣ እትዬ በሕይወት ሳለች፣ ሌሎች ማሽኖችም ገዝተን ነበር። በገዛን ቁጥር ጠበሉ ከእንጦጦ ይመጣል፤ እትዬ የምትረጨው ግን እኛን ሠራተኞቹን ነበር፣ እኔንማ ሸሚዜ እስኪርስ። ማሽኖቹን ጠብታ አላስነካቻቸውም። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ያኔ እሷን ያዳንኩ መስሎኝ ኮርቼ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ውሸቴን እያወቀች እስከ ዕለተ ሞቷ ያልገለጠችብኝ እሷ ናት።