የሙሚና ክብ ካርቶን

ባለፈው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ የልጄ ልጅ ሄለን ላፕቶፗን ይዛ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። ሄለን እዚሁ ጭሮ በአንድ ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ናት። በየሳምንቱ ከጓደኞቿ ጋር የምትጫወተው አንድ ጨዋታ አለ፤ መጀመሪያ ስትነግረኝ አልገባኝም ነበር። ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። አንዱ ታሪክ ያወራል፤ የቀሩት የታሪኩ ሰዎች ሆነው ይናገራሉ፣ ይወስናሉ። ያሰቡት ይሳካ እንደሆነ ዳይስ ጥለው ያያሉ። የእነ ሄለን ታሪክ ከኮከብ ወደ ኮከብ ስለሚጓዙ ሰዎች ነው፤ ስለዚህ መርከብ ያስፈልጋቸዋል። መርከቡን የመንደፍ ተራ ደግሞ የሷ ነበር።

«ሶፍትዌር እየፈለግኩ ነው፣ እማማ» አለችኝ። «ክብደቱን፣ ሞተሩን፣ የሰዉን ብዛት ስታስገቢለት ይሄዳል ወይም አይሄድም የሚልሽ።»

ብዙ ፈለገች። አንዱ በዶላር ነው የሚሸጠው። ሌላው ነፃ ነው፣ ግን ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር የሠራችውን ሁሉ ይዞባት ይጠፋል፤ የኛ ኔትወርክ ደግሞ የታወቀ ነው። ሌላው ደግሞ በምድር ለሚሄድ ተሽከርካሪ ብቻ ሆነ። በመጨረሻ አንድ የማታውቀው ተጫዋች በኤክሴል የሠራው ሰንጠረዥ አገኘች። ሞላችው፤ ከታች ያለው ሳጥን ቀይ ሆነ። ከብዷል ማለት ነው። ምግብ ቀነሰች፣ አንድ ሰው አወረደች፤ አሁንም ቀይ።

መነጽሬን አድርጌ ጠጋ ብዬ ሳይ፣ የመንገደኞቹ ውሃ ለብቻው ተጽፏል፤ ከጨረር የሚከላከለው ወፍራም ግድግዳም ለብቻው።

«ውሃውን ግድግዳው ውስጥ ክተቺው» አልኳት። «ውሃው ራሱ ግድግዳ ይሁን።»

ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ ጻፈችው። ሳጥኑ አረንጓዴ ሆነ።

«እማማ! ከየት አመጣሽው?»

«ድሮ ነው» አልኩ።

ጉንጬን ሳመችኝ። መርከቡን በስሜ ሰየመችው፤ ለጓደኞቿም ደውላ አያቷ ሊቅ መሆኗን ነገረቻቸው። እኔ የሻይ ብርጭቆዬን ይዤ ዝም አልኩ። ሐሳቡ የኔ አልነበረም። ይህን መናገር ሲገባኝ ዝም ስል ደግሞ ይህ የመጀመሪያዬ አይደለም። መጀመሪያ ዝም ያልኩት በዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነው።

ያኔ ከተማችን ጭሮ አሰበ ተፈሪ ትባል ነበር። አባቴ የመንግሥት ጸሐፊ ነበር፣ እናቴ የቤት እመቤት። ታላቅ ወንድሜ በትምህርቱ የተመሰከረለት ስለነበር በቤታችን ስለ ትምህርት ሲነሳ የሚነሳው የሱ ስም ነው። እኔ ጎበዝም ሰነፍም አልነበርኩም። በሰው ፊት ለመናገር ግን አላፍርም ነበር፤ አማርኛዬም ጥሩ ነበር።

ፊዚክስ የሚያስተምረን መምህር ታደለ የሚባል ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ወጣት ነበር። አሁን ሳስበው አገሩ የናፈቀው፣ ቀኑ የማይመሽለት ሰው ነበር መሰለኝ። ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ የሳይንስ ክበብ ያደርገን ነበር። በዚያ ክበብ ውስጥ ከራሱ አመንጭቶ አንድ ጨዋታ አስጀመረን። በቡድን ተከፍለን ማርስ ላይ የምንሄድበትን ጋሪ እንነድፋለን። እሱ በክፍሉ መሐል እየተንጎራደደ «አሁን ወርዳችኋል። አሸዋው እስከ ጉልበት ነው። ጋሪያችሁ ያወጣችኋል?» ይላል። አናጢ የጠረበለትን ባለ ስድስት ገጽ እንጨት እንጥላለን። ከዚያ ሰሌዳው ላይ ከጻፈው ሰንጠረዥ የሞተሩን ጉልበትና የጭነቱን ክብደት እየደመርን እናሰላለን። ችግሩ እዚህ ላይ ነበር። ስሌቱ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ስንጨርስ አሸዋውንም ማርስንም ረስተነዋል፤ ከኋላ የተቀመጡት ወንዶች ኦቾሎኒ እየፈለፈሉ ይወራወራሉ።

ከኔ ጋር በአንድ ዴስክ የምትቀመጠው ሙሚና ትባል ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የመሰላ ገጠር ልጅ ናት። ከተማ ውስጥ አክስቷ ቤት ተቀምጣ ነበር የምትማረው። ቀጭን፣ ረጅም፣ እጇ የማያርፍ ልጅ ነበረች። ሐሙስ ሐሙስ ቅቅል ስኳር ድንች በጨርቅ ጠቅልላ ታመጣና ለሁለት ትገምሰዋለች፤ ትልቁን ግማሽ ሁልጊዜ ለኔ ነበር የምትሰጠው። እሷ በኦሮምኛ ታወራኛለች፣ እኔ በአማርኛ እመልስላታለሁ፤ የዚህ ከተማ ልጅ ስለሆንኩ ቋንቋው አይቸግረኝም። በክፍል ውስጥ ግን አትናገርም። አንድ ጊዜ ተነስታ ስትመልስ ስለሳቁባት ከዚያ ወዲህ አፏን ዘጋች።

አንድ ሐሙስ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ፣ «ሙሚና፣ ማርስም ላይ ጫት ነው የምትጭኚው?» ብሎ አፌዘባት። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ በኦሮምኛ የሆነ ነገር አለችኝ። እኔ ጮክ ብዬ በአማርኛ፣ «አንተን ከመጫን ይሻላል፤ ጫት እንኳ ገዢ አለው» አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህር ታደለም ሳቀ። «የሺ፣ አንቺስ ምላስ አለሽ» አለኝ። ቃሉ የሙሚና ነው አላልኩም። እሷም ከነሱ ጋር እየሳቀች ስለነበር ምንም ነገር እንደወሰድኩባት አልታወቀኝም።

ክብ ካርቶኑን የሠራችው በጥቅምት ነው። ከጫማ ካርቶን ሁለት ክብ ቆርጣ፣ ትንሹን በትልቁ ላይ አድርጋ፣ መሐላቸውን በጃርት ወስፌ ወጋችው፤ ወስፌውን በሰም አጠበቀችው። በትልቁ ክብ ዳር ዳር የሞተሩ ጉልበት ተጽፏል፣ በትንሹ ላይ ክብደቱ፤ ውሃውና ከጨረር የሚከላከለው ግድግዳ እንደ አንድ ጭነት ተቆጥረዋል። አዙረሽ ሁለቱን ስታገናኚ በተቀደደች ትንሽ መስኮት «ይሄዳል» ወይም «አይሄድም» የሚል ይወጣል። የግማሽ ሰዓቱ ስሌት በአንድ ማዞር አለቀ። ሦስት ሳምንት ነው የለፋችበት። ሐሙስ ቀን አምጥታ በዴስኩ ሥር እጄ ላይ አስቀመጠችው። «አንቺ ያዢው። አንቺ አንብቢላቸው» አለችኝ።

ያን ቀን ጨዋታው ነፍስ ዘራ። መምህር ታደለ ገደል ያመጣል፣ አውሎ ነፋስ ያመጣል፣ እኔ አዞራለሁ፣ አነባለሁ፤ ልጆቹ ይጮሃሉ። ማን ሠራው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔ እጅ ላይ ነበራ።

ቅዳሜ ሙሚና ወደ ቤተሰቦቿ ስትሄድ እስከ ከተማው መውጫ እሸኛት ነበር። ማሽላው ታጭዷል፤ አገዳው በየማሳው ተቆልሏል፤ ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከተራራው ወርዶ መንገዱን ይሸፍነዋል። ከነዚያ ቀኖች በአንዱ፣ በሷ ንድፍ ውሃው ለምን በግድግዳ ውስጥ እንደሆነ ጠየቅኳት። ፊታችን የሚሄድ የተጫነ አህያ ነበር። ጣቷን ቀሰረች።

«የአህያው መደላድል ውስጡ ምንድነው?»

«ጭድ።»

«ጀርባውን ከጭነቱ ይጠብቀዋል። መንገድ ላይ ሲርበው ደግሞ አባቴ ከውስጡ መዝዞ ያበላዋል። ሁለት ሥራ የማይሠራ ዕቃ እኛ አህያ ላይ አንጭንም።»

ከዚያ ትንሽ ሄድ ብላ፣ አባቷ በሚቀጥለው ወር ለወላጆች ቀን እንደሚመጣ ነገረችኝ። ቤት ውስጥ የሥራ እጅ ያስፈልጋል፤ ዓመቱን ሙሉ ከተማ ምን እንደምትሠራ ለማንም አልታየም። «ሥራሽን በዓይኔ ካየሁ ትቀጥያለሽ ብሎኛል» አለች። «ካላየሁ ግን በቃ።» በወላጆች ቀን ክብ ካርቶኑ እንዲቀርብ መምህሩ ነግሮን ነበር። ማብራሪያውን እንድናገርላት ለመነችኝ። ሲስቁባት ሐሳቧ ይጠፋባታል። የምለውን በራሷ እጅ ጽፋ ሰጠችኝ። የመጀመሪያው መስመር «ይህን የሠራችው ሙሚና ናት» ይል ነበር።

በወላጆች ቀን አዳራሹ ሞላ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከፊት ተቀምጣለች። የሙሚና አባት በር አጠገብ ቆሟል፤ ሽርጡ የታጠበ ነው፣ ዱላውን በሁለት እጁ ይዟል፣ ጫማው ላይ የመሰላ መንገድ አቧራ አለ። ሙሚና ከጎኑ ነበረች።

ወረቀቱን ይዤ ተነሳሁ። አፌን ከመክፈቴ በፊት መምህር ታደለ በደስታ፣ «አሁን ደግሞ የኛ የሺ ራሷ የሠራችውን መሣሪያ ታሳየናለች» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። እናቴን አየኋት። እንዲህ አድርጋ የምታየው ወንድሜን ብቻ ነበር።

ከሁለተኛው መስመር ጀመርኩ።

በኋላ እናገራለሁ ብዬ ነበር፤ መጨረሻ ላይ እናገራለሁ፣ ሲያልቅ ለመምህሩ ለብቻው እነግረዋለሁ። ሰው ራሱን የሚያታልልበት ቃል አያጣም። ካርቶኑን አዞርኩ፣ አነበብኩ፣ አስረዳሁ፤ በደንብ ነው ያስረዳሁት። ሲያበቃ መምህር ታደለ ሐረር በሚደረገው የትምህርት ቤቶች ትርኢት ላይ ትምህርት ቤታችንን ወክዬ እንደምሄድ አስታወቀ። ደግሞ ተጨበጨበ።

በግርግሩ መሐል በበሩ በኩል ሳልፍ የሙሚና አባት ድምፁን ዝቅ አድርጎ በኦሮምኛ ሲጠይቃት ሰማሁ። «ካን ኬ ካም?» የአንቺ የቱ ነው ማለቱ ነው።

ሙሚና አየችኝ። ጠበቀችኝ። ሁለት እርምጃ ላይ ነበርኩ፤ ቋንቋውን እችላለሁ፤ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። የያዝኩትን ካርቶን ቁልቁል አየሁ።

«ሂን ጂሩ» አለችው። የለም።

ሰኞ ትምህርቱን ትታ የትምህርት ቤቱን መጽሐፎች ለመመለስ መጣች። ትወቅሰኛለች ብዬ በዕረፍት ሰዓት ከክፍል አልወጣሁም። እሷ ራሷ ገባች። ካርቶኑን ከደብተሬ ሥር ስባ አውጥታ ወስፌውን ነካ ነካ አደረገችው። «ላልቷል» አለች። «ሐረር ስትደርሺ እንዲህ ከሆነ ሰሙን በክብሪት ሞቅ አድርገሽ በአውራ ጣትሽ ተጫኚው። አለበለዚያ ቁጥሩ ይንሸራተትና ያሳፍርሻል።» በገዛ አውራ ጣቷ ተጭና አሳየችኝ። ከዚያ ሄደች። ብትሰድበኝ ኖሮ ይሄኔ ረስቼው ነበር።

ሐረር በሂርና በኩል በአውቶቡስ ሄድን። ስለ መንገዱ ምንም አላስታውስም። ትርኢቱ ላይ ከፈራጆቹ አንዱ፣ ሽበት ያላቸው ሰው፣ ካርቶኑን አገላብጠው ካዩት በኋላ፣ «ውሃውና ግድግዳው አንድ ላይ መቆጠራቸው ግሩም ሐሳብ ነው። እንዴት መጣልሽ፣ ልጄ?» አሉኝ። መልሱን አውቀዋለሁ። ግን መልሱ አህያ ነበር፣ መደላድል ነበር፣ የመሰላ መንገድ ነበር። የጸሐፊ ልጅ ያንን ከየት አመጣችው ቢሉኝስ? «እንዲሁ መጣልኝ» አልኳቸው። ሰውየው ጥቂት ጠበቁኝ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፉ። ምንም ሳላገኝ ተመለስኩ። ስመለስ የዴስኩ ግማሽ ባዶ ነበር።

ሙሚናን ከዚያ በኋላ ያየኋት አንድ ጊዜ ነው። ሁለታችንም አርጅተን፣ እዚሁ ጭሮ መናኸሪያ፣ የገለምሶ ሚኒባስ ስጠብቅ። ያወቀችኝ እሷ ናት። «የሺ!» ብላ በሁለት እጇ እጄን ያዘችኝ። የልጆቿን ቁጥር፣ የኔን ልጆች፣ የጉልበታችንን ሕመም ተጫወትን። ረዳቱ «ማዘር፣ ይግቡ እንጂ!» እያለ ይጮሃል። እጄን ሳትለቅ፣ ትንሽ እንደማፈር ብላ፣

«ያኔ ሐረር… ወደዱት?» አለችኝ።

ይህን ሁሉ ዓመት የጠበቀችው ይህን ለመጠየቅ ነበር።

«በጣም ወደዱት» አልኳት። «በተለይ ውሃውን።»

ፊቷ በራ። «አልኩሽ እኮ!» አለችና ጀርባዬን መታ አድርጋ ወደ መኪናው አስገባችኝ።

ትናንት ይህን ሁሉ ለሄለን ነገርኳት። አልተቆጣችኝም። ላፕቶፗን ከፍታ ስሜን አጠፋችና የሙሚናን ስም ጻፈችበት። ከዚያ፣ «አሁንም መሰላ ናት?» አለችኝ።

«ትኖራለች።»

«እና ሄደሽ ይቅርታ አትጠይቂያትም? ሚኒባሱ እኮ ሁልጊዜ አለ።»

«አንድ ቀን እሄዳለሁ» አልኳት።

መንገዱ ሩቅ ሆኖብኝ አይደለም። ሄጄ እውነቱን ስናገር፣ ሐረር ላይ የሆነውንም መናገር አለብኝ። ሐሳቧን ግሩም ያለ ሰው ነበር፤ እኔ አፌን ስለያዝኩ ትቶት ሄደ ልላት ነው። በሕይወቴ ለሙሚና የሰጠኋት ነገር ቢኖር መናኸሪያ ላይ የነገርኳት ያ ውሸት ብቻ ነው። ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ እሱንም ልወስድባት ነው። ልተወው ስል ደግሞ፣ ለሷ ያዘንኩ እየመሰለኝ ዛሬም የማድነው የራሴን ክብር እንዳይሆን እፈራለሁ። የቱ እንደሆነ እስካሁን ለይቼ አላወቅኩም።