የእትዬ ደሳለች ድሪቶ

ያኔ ደብረ ታቦር ውስጥ ድሪቶ ለብሶ የማይተኛ ቤት ጥቂት ነው፤ በድሪቶ እተኛለሁ የሚል ግን አንድም አልነበረም። እንግዳ ሲመጣ ሁሉም አልጋ ሥር ይወትፈዋል። እትዬ ደሳለች የሰፉትን ድሪቶ ግን ሰው ሆን ብሎ አጥር ላይ ያሰጣው ነበር፣ እንዲታይለት።

እትዬ ደሳለች አበባ ያለበት ጨርቅ አይነኩም። ገበያ ካሉት ልብስ ሰፊዎች ቁርጥራጭ ሲለቅሙ የሚያነሱት ወጥ ቀለም ብቻ ነው፤ የአስተማሪ ሱሪ ካኪ፣ የተማሪ ሰማያዊ፣ ዓመቱ ሞልቶ የወለቀ የሐዘን ጥቁር።

"አበባ የሰነፍ ነው" ይሉ ነበር። "ስፌቱ ቢጣመም አበባው ይሸፍንለታል። ወጥ ቀለም ግን አይምርህም፤ አንዲት መርፌ ብትስት አገር ያያታል።"

ቁርጥራጩን ገጣጥመው፣ ከመሀል ባዘቶ አንጥፈው፣ ከሥር አቡጀዲ አድርገው ይሰፉታል። ሜትር የላቸውም፣ ልኩ ክንዳቸው ነው። አንድ እሁድ ቅዳሴ ሲሄዱ ጠብቄ አጥር ላይ ያሰጡትን በሲባጎ ለካሁት። ጥግ ከጥግ ጣት አይበላለጥም። ትንሽ ተናደድኩ።

እኔ ያኔ የቀበሌ ጥበቃ ነኝ። በመሠረተ ትምህርት ሁለት ዙር ተምሬ ስሜን መጻፍ ስለቻልኩ ጠመንጃ ሰጡኝ። ጥይት አልሰጡኝም።

በሰባ አምስት ዓ.ም. መስከረም ላይ ቀበሌው በር ላይ አዲስ ቀይ ጨርቅ ሲሰቀል፣ የአምናው ጨርቅ ዝናብ ሲመታው ከርሞ ተቀዷል። ሊቀመንበራችን ጓድ ሙላቴ "ጣለው" አለኝ። ጣልኩት። የጣልኩት ግን እትዬ ደሳለች ደጃፍ ላይ ነው።

ጨርቅ እንደቸገራቸው አውቅ ነበር። ጉና ተራራ ሥር ያለችው እህታቸው ድንቅነሽ ሁለት ልጅ ወልዳ፣ ሁለቱንም ክርስትና ሳይነሱ ብርድ ወስዶባታል። ሦስተኛው በኅዳር ነው የሚወለደው። እትዬ ደሳለች ለዚያ ልጅ ድሪቶ ሲሰፉ አንድ ረድፍ ጎደለባቸው። ቀዩ ሞላው።

ኅዳር ገብቶ አጥር ላይ ሲያሰጡት ጓድ ሙላቴ አየው።

"ወርቁ፣ ያን ድሪቶ ይዘህልኝ ና። የአብዮቱን ጨርቅ ለመኝታ? ቅዳሜ ከክፍለ ሀገር እንግዳ ይመጣል፤ ስብሰባው ላይ ሌባዋን አቆማታለሁ።"

ሄድኩ። "እትዬ፣ ድሪቶውን ውሰድ ተብዬ ነው።"

"የሰጠኸኝን ልትወስድ መጣህ?"

"ታዝዤ ነው።"

አጣጥፈው ሰጡኝ። "እንዳታረጥበው" አሉ። "ድንቅነሽ በዚህ ሳምንት ነው የምትወልደው።"

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። የመስኮቱ መስታወት ከተሰበረ ቆይቷል። እንግዳው መተማ ቆላ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፤ በሸሚዝ መጣ። ድሪቶው ለማስረጃ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። እንግዳው ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ አየው፣ ዘረጋው፣ ትከሻው ላይ ደረበው።

"አስባችሁልኛል" አለ።

ጓድ ሙላቴ የሌባዋን ጉዳይ ዘሎ ወደ ሌላው አጀንዳ ሄደ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ስለ እርከን ሥራ ተወራ፤ እንግዳው እስከ አገጩ ተጠቅልሎ አዳመጠ።

ሲያልቅ ድሪቶውን እንደለበሰ ወደ ላንድሮቨሩ አመራ። ይህን ጊዜ እትዬ ደሳለች ከሴቶቹ መሀል ተነሱ።

"ጌታዬ፣ ድሪቶዬን።"

እንግዳው ቆመ። "የእርስዎ ነው እንዴ? የቀበሌው ስጦታ መስሎኝ።"

"የእኔም አይደለም። ባለቤቱ ገና አልተወለደም።" የእህታቸውን ነገር ባጭሩ ነገሩት። አልለመኑትም፣ አላለቀሱም።

እንግዳው ስፌቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። "ቀዩስ ከየት መጣ?"

ጓድ ሙላቴ ቀና አለ። እኔ ጫማዬን አየሁ። እትዬ ስሜን ቢጠሩ ነገሩ ከእሳቸው ላይ ይወርድ ነበር።

"ነፋስ ጣለው፣ እኔ አነሳሁት" አሉ።

እንግዳው ጓድ ሙላቴን አየ፣ ድሪቶውን አየ። ወንጀል ከሆነ ሦስት ሰዓት ለብሶት የዋለው እሱ ነው። ከትከሻው አውርዶ ክንዳቸው ላይ አኖረው።

"ይሞቃል" አለ።

እትዬ ደሳለች ቤታቸው እንኳ አልገቡም። ከአዳራሹ ደጃፍ ወደ ጉና የሚወስደውን የገሳይን መንገድ ያዙ። እስከ ከተማው ጫፍ ሸኘኋቸው።

"እትዬ፣ ስሜን ስላላነሱብኝ..." ስል አቋረጡኝ።

"ያን እሁድ በሲባጎ ስትለካ ስህተት አገኘህ?"

ማን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። "አላገኘሁም" አልኩ።

"እንግዲያው ዝም በል።"

በማግስቱ ጉና ሥር ደረሱ። በሦስተኛው ቀን ሴት ልጅ ተወለደች፣ ውዴ። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ በዚያው ድሪቶ ተጠቅልላ ነው ቤተ ክርስቲያን የሄደችው። ዛሬ የአራት ልጆች እናት ናት፤ አራቱም ተጠቅልለውበታል።

ባለፈው ሄጄ አየሁት። አንድም ስፌት አልተተረተረም። የደበዘዘው ቀዩ ብቻ ነው፤ ጨርቁ መጀመሪያውንም ጥሩ አልነበረም።