የጠፈጠፉ ዕርቅ

ሰሞኑን ዝናቡ በጠና ቁጥር፣ ከምኖርበት ኮንዶሚኒየም ደጃፍ ያለው የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳኑን እያነሳ የመጸዳጃ ቤቱን ውኃ ወደ ደረጃው ይለቀው ጀመር። የመጣው የቧንቧ ሠራተኛ ዙሪያውን አይቶ የጣሪያው አሸንዳ ከመጸዳጃው መስመር ጋር መቀጠሉን አሳየንና፣ «ዝናቡ ለብቻው መውረድ አለበት፤ ቱቦው ሁለቱን አይችልም» አለን። ጎረቤቶቼ አፍንጫቸውን ይዘው ሲነጫነጩ እኔ ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ። ሰው ቢሰማኝ ይስቅብኝ ይሆናል እንጂ፣ ያ ሽታ በመጣ ቁጥር ከኋላው የቀለጠ ሰም ይሸተኛል።

ልጅ ሆኜ እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ ቁልቁለት ላይ አራት የቀበሌ ቤቶች በተደረደሩበት ግቢ ነበር የምንኖረው። ከላይ መምሬ አለኸኝ፣ ቀጥሎ ልብስ ሰፊው ጋሽ ደሴ፣ ከዚያ እናቴና እኔ፣ ከታች ደግሞ ከጋራው መጸዳጃ ጉድጓድ አጠገብ እትዬ የሺ። እናቴ ነርስ ስለነበረች ሆስፒታል ውላ አንዳንዴም አድራ ነው የምትመጣው፤ አባቴን አላውቀውም፣ ወንድምም እኅትም የለኝም። ከትምህርት ቤት ስመለስ በራችን ተቆልፎ ስለሚጠብቀኝ ቦርሳዬን እንኳ ሳላወርድ ወደ እትዬ የሺ እወርዳለሁ። እሳቸው ጧፍ ሠሪ ነበሩ፤ የተገመደውን ፈትል በቀለጠው ሰም እየነከሩ ሲያወጡ ቤቱ በሙሉ ማር ማር ይሸታል። ጥላዬ ደጃፉ ላይ ሲያርፍ፣ ከሥራቸው ቀና ሳይሉ፣ «በላሽ ዓለሜ?» ይሉኛል። ብበላም አልበላሁም እላለሁ።

የግቢው ጠብ መነሻ ጠፈጠፍ ነበር። የመምሬ ጣሪያ ውኃ የጋሽ ደሴን ግድግዳ እየበላ፣ ጋሽ ደሴ በንዴት ያበጁት ቦይ ደግሞ ከቤቶቹ ጎን ያለውን የመምሬን ጎመን እየጠረገ፣ ሁለቱ በበጋ ይታረቁና በክረምት ሰላምታ ይነፋፈጋሉ። በመጨረሻ ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ከብዙ ምክር በኋላም የሁሉም አሸንዳ ወደ ታችኛው ጉድጓድ በሚወርደው የመጸዳጃ ቱቦ እንዲገባ ወሰኑ። በማንም ደጅ ምንም አይንጠባጠብም፣ ቱቦውም በነጻ ይታጠባል ተባለ። ሁለቱ ተሳሳሙ፣ ሽማግሌዎቹም ይህን ዕርቅ የሚያፈርሰውን ረገሙ። የዕርቁን ድፎ ዳቦ የጋገሩት እትዬ የሺ ነበሩ፤ እኔም ጠግቤ በልቼ ከሰው ጋር አጨበጨብኩ።

ክረምቱ ሲገባ ጉድጓዱ ሞልቶ በእትዬ የሺ ደጃፍ ፈሰሰ። ጎረቤቶቹ አስመጠጡት፤ በሚቀጥለው ዶፍ ተመልሶ ሞላ። መምሬ ጠበል ረጩበት፣ ጋሽ ደሴ አመድ ነሰነሱበት፤ እርግማኑ ስላለ ግን አሸንዳውን የሚነካ አልተገኘም። እትዬ የሺ ለሽማግሌዎቹ ቢያመለክቱም «ትንሽ ይታገሡን፣ በስንት መከራ የመጣ ሰላም ነው» ይሏቸዋል። እሳቸውም ደጃፋቸውን በድንጋይ ከፍ አድርገው፣ ፈትላቸውን ጣሪያ ሥር ሰቅለው ሥራቸውን ቀጠሉ፤ የሰሙ ሽታ ግን በየቀኑ እየተሸነፈ ሄደ።

ፍልሰታ ሲደርስ፣ ጧፉን ሁልጊዜ ለቤተ ክርስቲያን የሚወስዱት ቄሰ ገበዝ መጡ። ግቢው መሃል ሲደርሱ አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ያዙ፤ ገብተውም አንዱን ጧፍ አንስተው አሸተቱና ቀስ ብለው መልሰው አስቀመጡት።

«ይቅር በይኝ እኅቴ፤ ይህን ይዤ መቅደስ አልገባም» አሉ።

እትዬ የሺ «እውነትዎን ነው፣ አባቴ» ብለው ሰሙን ከእሳቱ አወረዱ። ከዚያ በኋላ መልሰው ሲጥዱት አላየሁም።

ብዙም ሳይቆይ ወንድማቸው ከደብረ ኤልያስ መጥቶ ዕቃቸውን ጫነ። ሲሰናበቱኝ ፀጉሬን እየዳበሱ፣ «እናትሽ እስክትመጣ መምሬ ቤት ተቀመጪ» አሉኝ። እሺ አልኩ፤ አልተቀመጥኩም።

ሰዎቹ ያፈሩት ያን ጊዜ ነው። ሽማግሌዎቹ እርግማኑን አነሱ፤ መምሬና ጋሽ ደሴም በአንድ ከሰዓት አሸንዳዎቹን ከመጸዳጃው ነቅለው ለዝናቡ የብቻውን ቦይ ቆፈሩለት። በአንድ ከሰዓት ማለቁ ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል። በማግሥቱ ሲዘንብ ግቢው ሁሉ ወጥቶ አየ፤ ውኃው ጥርት ብሎ፣ የእትዬ የሺን ደጃፍ ሳይነካ፣ በጎን አልፎ ወደ ሸለቆው ወረደ። ወንዶቹ እጅ ተጨባበጡ። እኔም ደስ ብሎኝ፣ ሌላውን ነገር ሁሉ እንደማሳያቸው ይህንንም ላሳያቸው፣ ስማቸውን እየጠራሁ ቁልቁል ሮጥኩ። በሩ ጋ ስደርስ ነው ቁልፉን ያየሁት።

እናቴ ቅዳሜ ደብረ ኤልያስ እንሄዳለን ስትል ብዙ ቅዳሜ አለፈ፤ ኋላም የእትዬ የሺን መሞት ከሰው አፍ ሰማን። ካደግሁ በኋላ ሽታው ናፍቆኝ ከገበያ ጧፍ ገዝቼ አብርቼ ነበር፤ ማር የማይሸት የፋብሪካ ፓራፊን ሆኖ ተገኘ። ቤቴ ስገባ በላሽ ወይ የሚለኝ ሰው ግን ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም።

ዛሬ የቧንቧ ሠራተኛው አሸንዳውን ለብቻው አድርጎ ጨረሰና፣ ዝናቡ ሲጀምር «ይውጡና ይዩት፣ እናቴ» ብሎ ጠራኝ። ወጣሁ። ውኃው ጥርት ብሎ ይወርዳል። ጎረቤቶቼ አመስግነውት ወደየቤታቸው ገቡ፤ እኔ ዝናቡ እስኪያባራ ደጃፉ ላይ ቆየሁ፣ ኑና እዩልኝ ብዬ የምጠራው ሰው ሳይኖረኝ።