ለቅሶ ያልደረሰበት መደብ

ልጃችን ቂሊንጦ ካለው ፋብሪካ ሲመለስ መኪና ገጭቶ ከገደለው በኋላ ሚስቴ አምስት ወር ሙሉ ከአልጋ አልወረደችም ማለት ይቻላል። ሳጎርሳት ትበላለች፣ ስተዋት ትተወዋለች። የምታወራው ስለ እሱ ብቻ ነበር፤ እሱንም ሰው ሲመጣ ነው። ሰው ደግሞ ይመጣል። እኛ ሰፈር ሐዘንተኛን ብቻውን መተው ነውር ነው። ጠዋት አንዷ፣ ከሰዓት ሌላዋ እየመጡ «ለመሆኑ እንዴት ሆኖ ነው?» ብለው ታሪኩን ከመጀመሪያው ያስጀምሯታል። እሷም ትጀምራለች። ክፋት የላቸውም፣ እግዜር ይስጣቸው፤ ግን አንዳንዴ ሁሉንም አንድ ላይ ጠራርጌ ባስወጣቸው ደስ ባለኝ ነበር።

ጤና ጣቢያ ያለችው የአእምሮ ጤና ነርስ መድኃኒቱን ከሰጠችን በኋላ ለብቻዬ ጠራችኝና «አባባ፣ እማማን ከቤት ያውጧቸው። ጠዋት ጠዋት አረንጓዴ ነገር ይዩ፣ አፈር ይንኩ። ከመድኃኒቱ ጋር በጣም ይረዳቸዋል» አለችኝ። ተናደድኩ። ሠላሳ ዓመት የክር ፋብሪካ ብናኝ ስውጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አቃቂ ውስጥ የቱ ነው አረንጓዴው? ወንዙ ከሩቅ ይሸታል፣ የቀረው ሜዳ በቆርቆሮ ታጥሯል። «እሺ የኔ ልጅ» ብያት ወጣሁ፤ በሆዴ ግን ሰደብኳት።

ሌላ መላ ስላልነበረኝ ግን ወንዙ ዳር ጎመንና ቆስጣ የሚያለማ የድሮ የሥራ ባልደረባዬን ለመንኩት። እሱም ሳያንገራግር አንድ መደብ ለቀቀልን። የመጀመሪያውን ሳምንት ሚስቴ ነጠላዋን ተከናንባ ጠርዙ ላይ ተቀመጠች፤ እኔም እንደ ዘበኛ አጠገቧ ቆሜ ሰነበትኩ። በሁለተኛው ሳምንት እጇ በራሱ ጊዜ አረም መንቀል ጀመረ። ከዚያ አንድ ቀን ቀና አለችና «ይሄ ጎመን ተባይ ገብቶበታል» አለችኝ።

ከስንት ወር በኋላ ስለ ልጃችን ያልሆነ ነገር ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ጎመኑን ሄጄ አየሁት፤ እውነትም ተበሳስቷል። እንባዬ እንዳይታይ ለረጅም ጊዜ ቅጠሉን ሳገላብጥ ቆየሁ።

ከዚያ ወዲህ ራሷ ትበላ ጀመር። እንቅልፍም ይወስዳት ጀመር። ችግኝ ስረግጥባት «ኧረ እግርህን አንሳ! ዓይን የለህም እንዴ?» ብላ ጮኸችብኝ። የድሮዋ ሚስቴ! መሰደብ እንደዚያን ዕለት ጣፍጦኝ አያውቅም። ነርሷንም በሆዴ ይቅርታ ጠየቅኳት። የት እንደምንውል ለማንም አልተናገርኩም፤ ጠያቂ ሲመጣ «ጤና ጣቢያ ሄዳለች» እያልኩ እመልስ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ምሳዋን ልወስድላት ቤት ብቅ ስል ታላቅ እህቴ ከአራት ዘመዶች ጋር በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ታማ ስለነበር መርዶው የደረሳት ዘግይቶ ነው። ያንን ሁሉ መንገድ ከገጠር መጥታ፣ አንገቴን አቅፋ ካለቀሰች በኋላ «እናቱስ?» አለችኝ። «ግቡና አረፍ በሉ፣ ትመጣለች» ማለት እችል ነበር። ግን አፈርኩ። ለቅሶ ደራሽ መጥቶ እናት ቤት የለችም ይባላል እንዴ? ልጇን ቀብራ ትዞራለች እንዳይሏት ፈራሁ። ጤና ጣቢያ የምትለዋ ውሸት እንኳ ለታላቅ እህቴ አልወጣ አለችኝ። «እዚህ ታች ናት፣ ኑ» ብዬ ከፊት ከፊት መራኋቸው። ያንን መንገድ የሄደ እግሬን እስከ ዛሬ እረግመዋለሁ።

ስንደርስ አጎንብሳ ትኮተኩታለች። እህቴ የልጃችንን ስም ጠርታ «ወይኔ! የት ጣልሽብኝ?» ብላ ጮኸች። ሚስቴ ቀና አለች። ያየችው እነሱን አልነበረም፣ እኔን ነው። ጩኸቱን የሰሙ የእድር ሴቶችም ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ከላይ ከሰፈር ወረዱ፤ ለቅሶ ተሰምቶ ዝም አይባልም። አንዷ የማዳበሪያ ከረጢት ችግኙ ላይ አነጠፈችና አስቀመጠቻት፤ ሌሎቹም በዙሪያዋ፣ ያገኙት መደብ ላይ ተቀመጡ። «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» አሏት። አለቀሰች። ያ ቦታ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ለቅሶ ቤት ሆኖ ዋለ።

ሰኞ ጠዋት ጫማዋን አቀረብኩላት። «ችግኙ እንደ ሆነ እንደገና ይተከላል፤ ተነሽ እንሂድ» አልኳት።

ጫማውን ትንሽ አየችው። «እዚያ ስሆን ሥራ የሄደ ነበር የሚመስለኝ» አለች። «አሁን እዚያም ሞቷል።»

ይህን ብላኝ ፊቷን ወደ ግድግዳው ካዞረች ስምንት ወር ሆናት፤ እኔም ሁለተኛ ተነሽ ብያት አላውቅም።