የአያ ምትኩ ጳጉሜ

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። አባ ፊት ቁጭ ብዬ ስለገደፍኩት ጾም ስለፈልፍ እውላለሁ፣ ይቺን ግን እዘላታለሁ። ምን ብዬ ልናዘዛት? «አባ፣ በኮምፒውተር ሰው በደልኩ» ልበል? እንግዲህ እናንተው ስሙኝ።

ሁለተኛ ዲግሪዬን ስሠራ ጥናቴ በቡሬ ዙሪያ ስላለው ዝናብና በቆሎ ነበር። ዝናቡን የሚለኩልኝ አያ ምትኩ የሚባሉ ገበሬ ናቸው። መለኪያው ማሳቸው ዳር ተተክሏል፤ በየማለዳው የተጠራቀመውን ውሃ አይተው ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ጎረቤት «የዝናብ ጸሐፊ» እያለ ይቀልድባቸዋል፣ እሳቸውም ደስ ይላቸው ነበር። ሁለት ሰው በድንበር ሲጣላ የሚጠራው እሳቸውን ነው። አያ ምትኩ «ድንበሩ በዚህ ነበር» ካሉ አለቀ፣ የሚከራከር የለም።

ደብተሩን ወደ ኮምፒውተር የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ቀኑን እሳቸው እንደጻፉት በእኛው አቆጣጠር፣ ቀን፣ ወር፣ ዓመት እያልኩ። ከዚያ አር ለሚባለው የስሌት ቋንቋ ሰጠሁት። አር የሚያውቀው የፈረንጁን ቀመር ነው፤ አሥራ ሦስተኛ ወር ብትሉት ከየት አምጥቶ? ያላወቀውን ቀን ባዶ አድርጎ አለፈው። እኔ ደግሞ ባዶ ያለበትን መስመር ሁሉ የሚጥል ትእዛዝ ጽፌ ነበር፤ ከኢንተርኔት የቀዳሁት፣ ምን እንደሚሠራ እንኳ በቅጡ ያልገባኝ ትእዛዝ! የሁለት ዓመት ጳጉሜ ድምጥማጡ ጠፋ። የጎጃም ልጅ ሆኜ ጳጉሜ ሲጠፋ አይታየኝም? አልታየኝም።

አማካሪዬ ግን አዩት። ደውለው «የጳጉሜ መረጃ ለምን የለም?» አሉኝ። አንድ ጊዜ ደብተሩን ብገልጥ ምን ነበረበት? ጠረጴዛዬ ላይ ነው እኮ! «ሰውዬው ጸበል ወርደው ይሆናል፣ አገሩ እንደሆነ በጳጉሜ ጸበል ነው» አልኩ፣ አፌ እንዳመጣልኝ። አመኑኝ። ማን አያምንም? በእኛ አገር በጳጉሜ ማለዳ የማይጠመቅ ስንት ሰው አለ? «እንዲህ ያለ ሰው አይሆነንም፣ ለከርሞው ልኬት ሌላ ፈልግ» ብለው ዘጉት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ እኔ ግን በማግስቱ ላሸው እችል ነበር።

በማግስቱ ጥቅምት ሠላሳም መጥፋቱን አየሁ። የጥቅምት ሠላሳ ደግሞ ምን ጸበል አለው? ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ሁለተኛ ወር፣ ሠላሳኛው ቀን፤ በፈረንጅ ቀመር እንዲህ ያለ ቀን የለም። ደብተሩን ገለጥኩ። ጳጉሜ አንድ አለ፣ ሁለት አለ፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ሁሉም አለ። የቤታቸው ሰው በሙሉ ጸበል ሲወርድ እሳቸው ለዝናቡ ብለው ብቻቸውን ቀርተው እንደነበር ኋላ ሰማሁ።

ታዲያ ለአማካሪዬ ደወልኩ? አልደወልኩም። ጥናቴን በመምህራን ፊት የምከላከልበት ዲፌንስ ሳምንት ቀርቶታል፤ ተሳስቻለሁ ብል ሥራው ሁሉ ከእንደገና ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ቢሆንስ? ሁለት መስመር ኮድ ነበር እኮ የሚታረመው! ሁለት መስመር! እሱን ትቼ ቡሬ ሄድኩና ዓይኔን በጨው አጥቤ «አያ፣ በጳጉሜ ሳይለኩ ቀርተዋል ተብሏል» አልኳቸው። «ተብሏል» ማለቴን ልብ በሉልኝ። ማን ነው ያለው?

«እኔስ የለካሁ መስሎኝ ነበር» አሉ። «ደብተሩ ላይ የለም?»

«የለም» አልኩ።

መለኪያውን ነቅዬ ሄድኩ። በጥናቴም ላይ «ለኪው በጳጉሜ ባለመገኘታቸው» ብዬ ጻፍኩ፣ በጥሩ ውጤትም አለፍኩ። ዛሬ ያንኑ ቋንቋ የማስተምረው እኔው ነኝ። ተማሪ መጥቶ «መምህር፣ ፕሮግራሙ ነው ያጠፋብኝ» ሲለኝ ደሜ ይፈላል። «ፕሮግራም ያዘዝከውን ነው የሚሠራ!» ብዬ እጮህበታለሁ። ልጁ ይደነግጣል፤ በማን ላይ እንደምጮህ በምን ይወቀው?

አምና ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አያ ምትኩን አገኘኋቸው። ጉልበታቸው ደክሟል። የአገሩን ወሬ ስጠይቃቸው ሽምግልና መቀመጥ ከተዉ መቆየታቸውን ነገሩኝ። «ለምን?» ብላቸው፣ «በአንተ ጊዜ ነው ያወቅሁት፣ ልጄ። የለካሁትን ካልለካሁት መለየት ካቃተኝ በሰው ድንበር ምን ብዬ ልመስክር? ልቤ መርሳት ጀምሯል። ቢጠሩኝም አልሄድም» አሉ።

ይኸው፣ ይህን ነው ያደረግሁት። አገር ያመነውን ሰው ራሱን እንዳያምን አደረግሁት። እኔ ነኝ። አር አይደለም፣ አማካሪዬም አይደሉም። ሰበብ የለኝም፣ ከእናንተም ምሕረት አልለምንም፤ ምሕረቱ የእናንተ አይደለማ!

ያን ዕለት ልነግራቸው ነበር፤ ማርያምን፣ አፌን ከፍቼ ነበር። ቀደሙኝ። ነጠላቸውን አደግድገው ጎንበስ አሉና «ልጄ፣ ያን ጊዜ በአስተማሪዎችህ ፊት አሳፍሬሃለሁ። ለእግዜር ብለህ ይቅር በለኝ» አሉ።

የአውቶቡሱ ረዳት «ቡሬ! ቡሬ!» እያለ ይጮሃል፣ ሰው ይገፋናል። እኔም «ይቅር ብያለሁ፣ አያ» አልኳቸው።